አንድ ቁጥር፣ 259 ዓመትና የአንድ ሰው እሁዶች

እስቲ ይህን ቁጥር እዩት፦

147573952589676412927

ሃያ አንድ አሃዝ አለው። የባንክ ሂሳብ ቁጥር አይደለም፤ የካርድ መሙያም አይደለም። 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ ከውጤቱ ላይ አንድ ስትቀንሱ የምታገኙት ነው። የሒሳብ ሰዎች በአጭሩ 2⁶⁷ − 1 ብለው ይጽፉታል።

ትልቅነቱን ለመገመት የቼዝ ሰሌዳውን ተረት አስታውሱ። በመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲያ እያለ በየቤቱ እጥፍ እየሆነ ይሄድና ንጉሡ የመንግሥቱን ጎተራ በሙሉ ቢያራግፍ የማይሞላው ስንዴ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ስምንት ሰሌዳዎች ሞልታችሁ ሰባት ፍሬ ጣል ብታደርጉበት፣ በትክክል የኛን ቁጥር ታገኛላችሁ።

ስለዚህ ቁጥር አንድ የተከበረ ሰው በ1644 አንድ ነገር ተናገረ። የተናገረው ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ለማወቅ 232 ዓመት፣ ስህተቱን ሁሉም ሰው በዓይኑ እንዲያየው አድርጎ ለማስቀመጥ ደግሞ 259 ዓመት ፈጀ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የምናወራችሁ ይህንን ነው። ሒሳብ ትጠሉ ከነበረ አትሽሹ፤ ከማባዛትና ከማካፈል የሚያልፍ ነገር አናመጣባችሁም።

ብቸኞቹ

ትንሽ የትምህርት ቤት ትዝታ እንቀስቅስ። ብቸኛ ቁጥር፣ ፕራይም የምንለው፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ነው። 7 ብቸኛ ነው። 12 አይደለም፤ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ያካፍሉታል።

የጥንት ግሪኮች ደግሞ «ፍጹም» የሚሏቸው ቁጥሮች ነበሯቸው። ከራሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን የሚሰጡ ቁጥሮች ናቸው። 6 እንዲህ ነው፤ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ናቸው። 28ም እንዲሁ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ደምሩና እዩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ኤውክሊድ እነዚህን ቁጥሮች የማግኛ መንገድ አስቀመጠ፦ ሁለትን እያባዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ቀንሱ፣ የቀረው ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ፍጹም ቁጥር በእጃችሁ ገብቷል ማለት ነው። 3 ብቸኛ ስለሆነ 2 × 3 ስድስትን ይሰጣል። 7 ብቸኛ ስለሆነ 4 × 7 ሃያ ስምንትን ይሰጣል። 31 ብቸኛ ስለሆነ 16 × 31 = 496 ቀጣዩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ስንት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ነው ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው? የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ 11 ብቸኛ ነው። 11 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ 2047 ይመጣል፤ 2047 ደግሞ 23 × 89 ነው። ብቸኛ የሚመስል ሁሉ ብቸኛ አይደለም።

አባ መርሴን እንዳሉት

ማረን መርሴን በ1588 የተወለደ ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። ፓሪስ ካለው ገዳሙ ሆኖ ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር፤ ከዴካርት፣ ከፌርማ፣ ከጋሊሊዮ። የሳይንስ መጽሔት ገና ባልነበረበት ዘመን አንዱ ያገኘውን ለሌላው የሚያደርሰው እሱ ነበር። ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት ሰውዬው ራሱ ኢንተርኔት ነበር ብንል ብዙም አላጋነንም።

ይህ ሰው በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዝርዝር አስቀመጠ። የሁለቶቹ ብዛት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ሲሆን ብቸኛ ቁጥር ይገኛል፤ እስከ 257 ድረስ ከእነዚህ በቀር የለም አለ። እንዴት እንደደረሰበት አላሳየም።

በዘመኑ በእጅ ተረጋግጦ የነበረው እስከ 19 ያለው ነው። 31ን ኦይለር በ1772 እስኪያረጋግጠው ድረስ 128 ዓመት አልፏል። የመርሴን ዝርዝር ግን 31ን ጥሎ 67፣ 127፣ 257 እያለ ይጋልባል። የመጨረሻው 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው! የሚገርመው ደግሞ፣ ባለ 15 ወይም ባለ 20 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ በዚያው መጽሐፍ የጻፈው ራሱ መርሴን ነው። ራሱ አይቻልም ያለውን ነገር ራሱ አውቄዋለሁ አለ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በሊቃውንቱ ዘንድ ቆየ። ለምን? ትልቅ ሰው ስለተናገረው፤ ደግሞም ለማጣራት ስለሚያደክም። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚደርሰን «የተረጋገጠ መረጃ» ሁሉ የሚኖረው በእነዚሁ ሁለት ምክንያቶች አይደለም?

ጉድለቱን ያየ፣ ሌባውን ያልያዘ

ከ232 ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ ኤድዋርድ ሉካስ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ብልሃት ያለው መንገድ ይዞ መጣ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ካስተካከለው በኋላ ያለውን መልኩን እናሳያችሁ፤ ወረቀት አውጡ።

ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ። ውጤቱን ለምትመረምሩት ቁጥር አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። ከዚያ ቀሪውን እንደገና በራሱ አባዝታችሁ 2 ቀንሱ፤ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። የድግግሞሹ ብዛት ከሁለቶቹ ብዛት በሁለት ያንሳል። መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም።

በ31 እንሞክረው። አምስት ሁለቶች ስላሉት ሦስት ጊዜ እንሠራለን። 4 ሲባዛ በ4፣ ሲቀነስ 2፣ 14። 14 ሲባዛ በ14፣ ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 ሲባዛ በ8፣ ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው።

አሁን በ2047። ዘጠኝ ጊዜ ደጋግማችሁ ስትጨርሱ የሚቀራችሁ 1736 ነው። ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ 2047 ብቸኛ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ 23 እና 89 የሚባሉት አካፋዮቹ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ብቅ እንኳ አላሉም። ዘዴው «ይህ ቁጥር ይሰበራል» ይላችኋል፤ የት ጋ እንደሚሰበር አይነግራችሁም።

ሉካስ በራሱ ዘዴ 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ አለመሆኑን ተናገረ። በዚያው ዓመት 39 አሃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ እስከ 1951 ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም ነበር። እንግዲህ መርሴን 127 ላይ ልክ፣ 67 ላይ ስህተት ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የ67ቱ ጉዳይ ከካዝናው ገንዘብ መጉደሉን እርግጠኛ ሆኖ ማን እንደወሰደው ግን እንደማያውቅ ኦዲተር ሪፖርት ነበር። ሉካስን ያመነ ያምናል። የማያምን ስሌቱን በሙሉ ከመጀመሪያው መድገም አለበት።

ኒውዮርክ፣ 1903

ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1861 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ነው። ከ1896 ጀምሮ ለ24 ዓመታት የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ስሙን ግን ያስቀረለት አንድ ቅዳሜ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። ኦክቶበር 31 ቀን 1903 ማኅበሩ ኒውዮርክ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነው። ኮል ተራው ሲደርስ ተነስቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ። ቃል አልተነፈሰም። ጠመኔ አንስቶ ሁለትን 67 ጊዜ አባዛ፣ አንድ ቀነሰ። ወደ ሰሌዳው ሌላኛው ጎን አለፈና እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጻፈ፦

193707721 × 761838257287

በእጁ አባዛቸው። ሁለቱም ጎኖች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ ተብሎ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ «የሦስት ዓመት እሁዶች» ብሎ መለሰ ይባላል።

የሦስት ዓመት እሁዶች 156 ናቸው። ይበቃሉ ወይ? እስቲ እኛም እናስላ። ለ2⁶⁷ − 1 አካፋይ ሊሆን የሚችለው የ134 ብዜት ላይ አንድ የተጨመረበት ቁጥር ብቻ መሆኑ ከኮል በፊት የታወቀ ሕግ ነው። ስለዚህ ከ135 ጀምሮ 134 እየጨመሩ ወደላይ መሄድ ይቻላል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ 193707721 ስንተኛ ነው? 1,445,580ኛ! ሌላ የታወቀ ሕግ ከሰልፉ ግማሹን ያስወጣል፤ ቀሪው ከ722 ሺህ በላይ ነው። አንዱን ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ ብንሰጠውና ኮል በየእሁዱ አሥር ሰዓት ቢሠራ ከ115 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በጉልበት ብቻ የሚሆን ነገር አልነበረም። ኮልም በማኅበሩ መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ እንደሚታየው፣ የማካፈል ቀሪዎችን ባሕርይ አጥንቶ ሰልፉን በብልሃት እያሳጠረ ነው የሄደው። ዛሬ ፕሮግራሚንግ የጀመረ ልጅ አሥር መስመር ኮድ ጽፎ ያንን ሰልፍ በሙሉ በአንድ ሁለት ሰከንድ ያስፈትሸዋል።

ታሪኩንስ ማን አጣራው?

እዚህ ላይ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው አመሉ ይነሳበታል። የዝምታውን ታሪክ ማን ነገረን?

በሰፊው ያሰራጨው ኤሪክ ቴምፕል ቤል የተባለ የሒሳብ ሊቅና ደራሲ ነው፤ በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ። ቤል በ1903 የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የስታንፎርድ ተማሪ። ቤል በኋላ ኮሎምቢያ ገብቶ በኮል ስር ተምሯል። እሁዶቹን በ1911 ከኮል አፍ ሰምቻለሁ ይላል፤ ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ግን ሰማሁ ካለበት ዓመት እስከ ጻፈበት 40 ዓመት አለ። ኮል ደግሞ በ1926 ስላረፈ «እውነት ነው ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ቤል ታሪክ ማጣፈጥ ይወድ ነበር። በ1937 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ወጣቱ ጋሏ የመጨረሻ ሌሊት የተረከው ከማስረጃው እጅግ የራቀ መሆኑን በኋላ የመጡ አጥኚዎች አሳይተዋል። ኮንስታንስ ሪድ በ1993 የራሱን የቤልን የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ፣ ሰውዬው የልጅነት ዘመኑን ከገዛ ቤተሰቡ ሳይቀር ደብቆ እንደኖረ ደርሳበታለች።

ስለዚህ የምናውቀውን ከሚባለው እንለይ። ኮል ያገኘውን በ1903 ለማኅበሩ ማቅረቡ፣ ጽሑፉም መታተሙ የተመዘገበ ነው። ዝምታው፣ ጠመኔው፣ ጭብጨባው ግን በአንድ ጥሩ ተራኪ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታሪኩ ውሸት ነው አላልንም፤ በማረጋገጫ የሚቆም አይደለም ነው ያልነው።

ቁጥሩስ? ቁጥሩ ቤልን አይፈልግም። ኮልንም አይፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ማታ ሊያጣራው ይችላል። የስልካችሁን ካልኩሌተር አትመኑ፤ ብዙዎቹ ባለ 21 አሃዝ ውጤት ሲመጣባቸው ያጠጋጉታል።

መጀመሪያ ፈጣኑን ወንፊት እንጠቀም። የ193707721ን አሃዞች ደምሩ፤ 37፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። የ761838257287ንም ደምሩ፤ 64፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። አንድ ሲባዛ በአንድ፣ አንድ ነው። የትልቁን ቁጥር አሃዞች ስትደምሩ 109፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። ገጠመ። ይህ ወንፊት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ባይገጥም ኖሮ ግን ወሬው እዚያው ይሞት ነበር።

ከዚያ ሙሉውን አባዙ። ሥራው ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። በ193707721 ውስጥ ያሉት አሃዞች 1፣ 9፣ 3፣ 7፣ 0፣ 7፣ 7፣ 2 እና 1 ናቸው። በ1 ማባዛት መገልበጥ ነው፤ ዜሮ ይዘለላል፤ ሰባቱ ሦስት ጊዜ ቢመጣም አንዴ ተሠርቶ ይገለበጣል። ስለዚህ ረጅሙን ቁጥር በ9፣ በ3፣ በ7 እና በ2 ማባዛት፣ ከዚያ መደመር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ኮል በእርግጥ ዝም ብሎ ሠርቶት ከሆነም የሚገርም አይደለም፤ የሚናገር ነገር አልነበረውም።

ለማግኘት ዓመታት፣ ለማጣራት ደቂቃዎች

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ይህኛው እውነት ግን በማደር ብቻ አልጠራም። 259 ዓመት አድሯል። የጠራው ሰዎች ተቀምጠው ስለሠሩት ነው። የቀረው የመርሴን ዝርዝርም እንደዚያው አንድ በአንድ ተለቀመ። ኢቫን ፐርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ የኦርቶዶክስ ቄስ በ1883 መርሴን የዘለለውን 61ን አገኘ። አሜሪካዊው ራልፍ ፓወርስ በ1911 እና በ1914 89ን እና 107ን ጨመረ። 257ም ብቸኛ እንዳልሆነ ታወቀ። ሁሉም ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ነው፤ ከአሥራ አንድ ስሞች ዝርዝር አምስት ስህተት፣ ሁለቱ ያለ ቦታቸው የገቡ፣ ሦስቱ የተረሱ። ቁጥሮቹ ግን እስከ ዛሬ የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ።

ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ የተባዛውን መልሶ መለየት ከባድ መሆኑ በኋላ እንጀራ ሆኗል። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ላይ የተመሠረተ የምስጢር መቆለፊያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት ግንኙነትንና የገንዘብ ዝውውርን ከሚጠብቁት ዘዴዎች አንዱ ሆኗል። ያኔ ለፈተና አንድ ባለ 129 አሃዝ ቁጥር አውጥተው 100 ዶላር ሽልማት አስያዙለት። ለመለየት 40 ሚሊዮን ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል ተብሎም ተገመተ። በ1994፣ በ17 ዓመቱ፣ ወደ 600 የሚጠጉ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው ለዩት። እንደገና የባለሙያ ግምት፣ እንደገና ትዕግሥተኛ ሠራተኞች።

በኦክቶበር 2024 ደግሞ ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ የሚሳተፍበት የፈቃደኞች ስብስብ አዲስ ብቸኛ ቁጥር አስታወቀ። 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ፣ 41,024,320 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ስብስቡ ወሬውን ይፋ ከማድረጉ በፊት በተለያዩ ኮምፒውተሮችና በተለያዩ ፕሮግራሞች ደጋግሞ አስፈትሾታል። የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሰጠውም ከላይ በ31 የሞከርነው የሉካስና የሌመር ዘዴ ነው። አግኝቼዋለሁ ያለው ሰው ቃል ብቻውን አልበቃም፤ እንዲበቃም ማንም አልጠየቀም።

እኛ የምንኖረው ብዙ መርሴኖች ባሉበት ዘመን ነው። ስማቸው የከበረ፣ ዝርዝራቸው የረዘመ፣ ስሌታቸውን የማያሳዩ። ሁሉን ለማጣራት የማንም እሁድ አይበቃም፤ ይህን እናውቃለን። ቢያንስ ግን የሚነግረንን ሰው «እንዴት አወቅህ?» ከማለት አልፈን «እኔስ እንዴት ላጣራው እችላለሁ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ሲገኝ ነው ማዳመጥ የሚገባን።

እስከዚያው በ9፣ በ3፣ በ7 እና በ2 አባዙ። መጨረሻው 412927 ካልሆነ ስህተቱ ከመርሴን አይደለም።